ሚስማር ላይ የተሰቀለችው ኳስ

ከሽሮ ሜዳ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት የሸማ ክር የሞላበት ከረጢት ታቅፈዋል። አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ይሸምናሉ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ለሸማኔው ጎረቤቴ ነው። የእሱን ክር በውሃ አበሰበስኩበትና ምትኩን ገዛሁ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ልጄ የውሃ ፓምፑ በራሱ እንዲጠፋ አሠራልኝ። ላይ ያለው ታንከር ውስጥ የመብራት ገመድ ያላት ኳስ አስገቡ። ሲሞላ ትንሳፈፍና ፓምፑን ታጠፋዋለች።»

«ጎበዝ ልጅ!»

«እኔ ደግሞ መብራት ውሃ ውስጥ ገባ ብዬ ፈራሁ። መሰላል ወጥቼ አወጣኋትና ሚስማር ላይ ሰቀልኳት።»

«ውይ እማማ! ከተንጠለጠለች እኮ ለፓምፑ ታንከሩ ጎድሏል ማለት ነው።»

«ይኸው ነዋ! እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ ፓምፑ ሲገፋ ዋለ። ውሃው ቁልቁል ሸማኔው ቤት ገባ።»

«አልተቆጣዎትም?»

«ስመለስ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዛሬስ አበቃልኝ አልኩ። ‹ፓምፑን አጥፍቼዋለሁ፤ እማማ፣ ገመዷን ሲነኩ አልነዘረዎትም?› አለኝ። ክፉ ቃል ካፉ አልወጣም። ኳሷንም መልሶ ከተተልኝ።»

«እንዲህ ያለ ጎረቤት!»

«ዕድሜ ይስጠው። ክሩን አልቀበልም ብሏል፤ ደጁ ላይ ጥዬለት ልሮጥ ነው።»

«በዚህ ጉልበት?»

«መሰላል የወጣ ጉልበት ለዚህ ያንሳል? ወራጅ አለ!»

ቤቴ ስደርስ ከእኛ ታንከር ሥር ቆሜ፣ ውሃው ሞልቶ ቢፈስ ወደ ማን ቤት እንደሚወርድ በዓይኔ ተከተልኩ።