ቅቤ ያልነካው ድስት

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ሠላሳ አራት ዓመት ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከፈተናው ይልቅ ፊቴን ይፈሩ ነበር። ቁጣዬ አብሮኝ ጡረታ ይወጣል ብዬ ነበር፤ አልወጣም። ዛሬም የምጽፈው ስለተናደድኩ ነውና ለስላሳ ቃል የሚሻ አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው።

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የረመዳን የመጨረሻ ሳምንት ነበር፤ የእኛም ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ደርሶ ነበር። ሁለቱ ጾሞች ስለገጠሙ ከሾፌሩ እስከ ረዳቱ ሁሉም ሆዱ ባዶ ነው፤ የራበው ሰው ደግሞ ለቁጣ ቅርብ ነው። ገብቼ ስቀመጥ በመስኮቱ በኩል ሐጂ ሙሄዲንን አገኘሁ። ሐጂ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ሠላሳ ዓመት የተጎራበትኳቸው ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ የወረዱት ለዒድ የሚታረድ ወይፈን ሊመርጡ እንደሆነ በደስታ ነገሩኝ።

መኪናው ሊሞላ ሲል አንዲት ወጣት ሦስት አዳዲስ ድስት ደራርባ፣ አንድ ከረጢት ሱፍ በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ኡመይማ ናት፤ የሐጂ ልጅ፣ የእኔም የድሮ ተማሪ። አሁን ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች። ሰላምታ ልትሰጥ ስትል አባቷን አየችና ድስቶቹን ከኋላዋ ለመደበቅ ሞከረች። ሦስት ድስት ግን በቀሚስ አይደበቅም።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ። «እናትሽ ቤት ድስት ጠፋ?»

«ድስትማ ሞልቷል አባባ። ቅቤ ያልነካው ግን የለም።»

ማታ ካፈጠሩ በኋላ ልትነግራቸው ያሰበችውን እዚያው ለመናገር ተገደደች። የዘንድሮው የዒድ ምሳ፣ አለች፣ ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የሌለበት ይሁን። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የምስር ሳምቡሳ፣ በዘይትና በዘቢብ የተሠራ ሩዝ፣ ተምር። ሁሉም በአዲሶቹ ድስቶች ይሠራና አክስቷ እትዬ ሸዋዓለምም፣ እኔም፣ የኮምቦልቻ አማቾቻቸውም በአንድ ገበታ እንቀመጥ። እናቷ ወይዘሮ ሐምዲያም ተስማምተዋል።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ሸዋዓለም መናገር አለብኝ። የሐጂ ታላቅ እህት ናቸው፤ በእናት ነው የሚገናኙት። እናታቸው መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ክርስቲያን ባል አግብተው ሸዋዓለምን ወለዱ፤ ባላቸው ሲሞት ደሴ መጥተው የሙሄዲንን አባት አገቡ። ሴቲቱ በአባቷ ሃይማኖት ጸናች፣ ወንዱ በአባቱ። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። ሙሄዲንን አዝላ ያሳደገችው ግን ያቺው እህት ናት።

የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ በእኛ አገር አይገናኝም፤ ሁሉም የየራሱን ይባርካል፣ የየራሱን ይበላል። በዚህ እኔ ጠብ የለኝም። የሚያናድደኝ በላዩ የጨመርነው ነው። በሐጂ ቤት ከሳሎኑ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በዒድ ቀን ክርስቲያን እንግዳ እዚያ ይገባል፣ ለብቻው ይቀርብለታል፤ ከግድግዳው ማዶ ሲሳቅ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት እዚያች ክፍል በልቻለሁ። እሳቸውንም በፋሲካ እኔ ቤት እንዲሁ ጥግ አስቀምጬ አብልቻለሁ፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ሐጂ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሠላሳ ቀን ጾሞ የወጣን ሰው ሽሮ ላቅርብለት? ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስለዋል። አማቼ አብዱረህማን ከኮምቦልቻ ድረስ ቤተሰቡን ይዞ ሲመጣ ጎመን? አባቶቹ ከየመን ከመጡ ጀምሮ ያለ ሥጋ ዒድ አያውቁም። ስሜን ልታጠፊው ነው ልጄ።»

«አባባ፣ ይቆጡ፤ ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የዚህ የዒድ ግዴታው ምንድን ነው? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ዘካተል ፊጥር ነዋ።»

«ከምንድን ነው የሚሰጠው?»

«ከእህል።»

«ዑድሒያውስ? የእርዱ መሥዋዕትስ?»

«እሱማ በአረፋ ነው።»

«እንግዲህ አላህ በዚህ በዓል የጠየቀን እህል ነው። ወይፈኑን የጠየቀን ሰው ነው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህንንም እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?» አሉኝ። ሳይጠሩኝ መግባት ልማዴ ነውና ገባሁበት። ወር ሙሉ ያረፈ ሆድ በአንድ ቀን ሥጋና ቅቤ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን፣ በየዒዱም በየፋሲካውም ማግስት ጤና ጣቢያው በር ላይ ማን እንደሚሰለፍ፣ ምስርና ሱፍ ለሰውነት ምን እንደሚሰጡ እየዘረዘርኩ የሐረጎን ዳገት ጀመርነው። ሐጂ በጨዋ ደንብ ካዳመጡ በኋላ፣ «መምህር፣ ባዮሎጂውን ለተማሪዎችዎ ያቆዩላቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሆድ አይደለም፣ ሰው ነው» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር።

ወዲያው ወደ ልጃቸው ተመልሰው፣ «ደግሞስ የነሱን ጾም እኛ ልንጾምላቸው ነው?» አሉ።

«አክስቴ በረመዳን ቀን ቤታችን መጥታ ውሃ ጠጥታ ታውቃለች? ከቦሩ ሜዳ ፀሐይ ሲያቃጥላት መጥታ እንኳ ‹ልጆቹ ሳያፈጥሩ› ብላ እምቢ ስትል አላዩም? እሷ የእኛን ጾም ዕድሜዋን ሙሉ አክብራለች። እኛ አንድ ምሳ ምን ይከብደናል?»

ይህን ጊዜ የሐጂ ድምፅ ከፍ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞር አለ።

«ለማን ብዬ? ምግቤን ለተጸየፈች? አምና ለብቻዋ የጾም ሽሮ አሠርቼ፣ በአዲስ ሰሃን አቀረብኩላት። አንድ ጊዜ ቆርሳ አፏ አደረሰችና አስቀመጠችው። ‹ሆዴን አሞኛል› ብላ ተነሥታ ሄደች። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። እኔም ደጇን አልረገጥኩም። አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት እንዲህ ያደረገችኝ!»

ኡመይማ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽሮው ውስጥ ቅቤ ነበረበት አባባ» አለች።

«ማን ጨመረው?»

«ማንም አልጨመረውም። እማ ለበዓሉ በዋዜማው አንድ ትልቅ ቁሌት አቁላልታ ነበር፤ በቅቤ። ለአክስቴ ለብቻው ሌላ ቁሌት ልጣድ ወይ ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎ በረንዳ ላይ ሆነው ‹ለአንድ ሰው ሁለት ቁሌት አይጣድም፣ ከትልቁ ጨልፋችሁ ሥሩላት› አሉ። እማ ቃልዎን መመለስ ፈራች። የነገረችኝ ባለፈው ሳምንት ነው፣ እያለቀሰች።»

ሐጂ ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ሥልሳ ስድስት ዓመት ወጥ በልተዋል፤ ቁሌት ውስጥ ቅቤ የሚገባው መቼ እንደሆነ ግን አያውቁም።

«እህቴ ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አሉ።

«ብትነግርዎ ማንን ይቆጡ ነበር? እማን ነዋ። አክስቴ ይህን አውቃ ነው በረሃብ ቦሩ ሜዳ የተመለሰችው። ስለዚህ ነው አባባ ለብቻ የሚሠራ ድስት አልፈልግም የምለው። ለጎን ክፍል የሚሠራ ምግብ የጎን ነው፤ ማንም አያስበውም፣ ማንም አይጠብቀውም። የሁላችን ከሆነ ሁላችን እንጠብቀዋለን።»

ይህን ስሰማ ውስጤ ነደደ። አንድ ጭልፋ ቁሌት! ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጭልፋ ቁሌት ዓመት ሙሉ ተለያዩ። አንዱ ‹አይጣድም› አለ፣ አንዷ ፈራች፣ አንዷ ‹ሆዴን አሞኛል› አለች። ጨዋነት እንላለን ይህን። በዚህ ጨዋነታችን ስንት እህትና ወንድም እንደተቀበረ የሚቆጥር የለም።

ፒያሳ ስንወርድ ሐጂ ልጃቸውን ድስቶቹን ይዛ በባጃጅ ወደ ቤት እንድትሄድ አዘዟት። እሳቸው ሱቅም ቤትም አልሄዱም፤ በጾም አፋቸው የቦሩ ሜዳን መኪና ሲሳፈሩ አየኋቸው።

እዚያ የሆነውን በማግስቱ ራሳቸው ነገሩኝ። እህታቸውን ደጅ ላይ አግኝተው፣ «እታለም፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፤ የቁሌቱን ነገር ሰማሁ» ቢሏቸው፣ እትዬ ሸዋዓለም እንደ ዓምናው «የምን ቁሌት? እኔ ሆዴን ነው ያመመኝ» ብለው ድርቅ አሉ። እስከ ዛሬ ሐምዲያን ከቁጣ እየጠበቁ ነው። ለዒድ ሲጠሯቸውም፣ እመጣለሁ፣ ፊትህን አይቼ እመለሳለሁ፣ ለምግብ ግን አትድከሙ፣ እኔ ከቤቴ ቀምሼ ነው የምወጣ አሉ።

«አላመነችኝም» አሉኝ ሐጂ። በራሳቸው ተቆጥተው ነበር። «መምህር፣ ከእጄ ካልበላች ምን ዒድ አለኝ?»

ወይፈኑ ለአረፋ ይቆይ ብለው ስልክ ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ።

የዒድ ቀን ስሄድ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ክፍሏ ዞረ። ብከፍታት የእንግዶች ጫማ ተደርድሮባታል። ኡመይማ ከኋላዬ መጥታ፣ «ጋሼ ወንድምአገኘሁ፣ ከዛሬ ወዲያ እዚህ የሚገባው ጫማ ነው» አለችኝና ወደ ሳሎን ወሰደችኝ። ሐጂ ዓይናቸው ደም መስሏል። ያለቀሱ መሰለኝ።

አቶ አብዱረህማን ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ፈለጉና፣ ሥጋው በኋላ ነው ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁ።

«ሥጋ የለም» አሉ ሐጂ፤ ቁጣም ልመናም ባለበት ድምፅ። «ዛሬ እህቴ የማትበላው ነገር በዚህ ቤት አይቀርብም። ቅር ያለዎት እንደሆነ በአረፋ ወይፈን እክሳለሁ። እህት ግን በምን እክሳለሁ?»

አቶ አብዱረህማን ፊታቸው እንደ መጨማደድ ብሎ ነበር። ሩዙን ቀመሱ። ከዚያ ሱፍ ፍትፍቱን። ለሦስተኛ ጊዜ ሱፍ ፍትፍቱን ወደ ራሳቸው ሲስቡ እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ሰው ሲሸነፍ ማየት ደስ ይለኛል።

የዚህን ምሳ ጥቅም ልንገርህ አንባቢ ሆይ፣ ምክንያቱም ‹ባህላችንን አፈረሱት› የሚሉ አሉ። ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ሐጂ ዒዳቸውን አከበሩ፣ እኛም ጾማችንን ጾምን። ወይዘሮ ሐምዲያ በሁለት ክፍል መካከል መሯሯጥ ቀርቶላቸው ከእንግዳ እኩል ተቀምጠው በሉ፤ በትዳር ዘመናቸው በዒድ ቀን ቁጭ ብለው ሲበሉ የመጀመሪያቸው ነው አሉ። በማግስቱ ከዚያ ቤት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የለም። እኔም በቤቴ ገበታ ላይ ሐጂን ጥግ ላላስቀምጥ ማልኩ፤ በመጪው ፋሲካ ከሥጋው ርቆ፣ ሁላችንም እጃችንን የምንሰድበት አንድ ሰፊ የምስር ገበታ መሃል ላይ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እትዬ ሸዋዓለም ነጠላቸውን አጣፍተው ከወንድማቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያጫውቷቸው ይስቃሉ፤ እጃቸው ግን ገበታው ላይ አልወረደም። ቆይተው፣ ሰው እንዳያዝንባቸው ይመስላል፣ ትንሽ እንጀራ ቆርሰው ሽሮውን ነካ አደረጉ። ወደ አፋቸው ከማድረሳቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

ሐጂ አዩ።

«አሽትቺው እታለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሀቅሽ ነው። ግን ከማለዳው ሱብሒ ሶላት ጀምሮ ሽንኩርቱን የከተፍኩትም ያቁላላሁትም እኔ ነኝ። ፋጡማ ጎረቤታችን ለበዓል ብላ ቅቤ ይዛ ብትመጣ ከበር መለስኳት፤ ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ማንም እጁን አላስገባም።»

እትዬ ሸዋዓለም የወንድማቸውን ዓይን አዩ። ደም የመሰለው ዓይን የሽንኩርት እንደሆነ እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ጉርሻውን በቀኛቸው እንደያዙ በግራቸው የወንድማቸውን እጅ ስበው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸተቱ። እጁን ሳይለቁ ጉርሻውን ወደ አፋቸው ከተቱት፣ አላምጠው ዋጡ።

«ጨው ጎድሎታል» አሉ፤ ደግመውም ቆረሱ።