መምህር ይገረምን በሰልፍ ፊት በጥፊ ስለ መምታቴ የሰጠሁት ቃል

ስም፦ ገሠሠ አምባው
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የአማርኛ መምህር
የትውልድ ስፍራ፦ መተከል ዞን፣ ወንበራ ወረዳ፣ ደብረ ዘይት
አድራሻ፦ ባምባሲ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ቡሴ ሌንጂሳ

ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ መናገርን መርጫለሁ።

ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቼ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባሁ ስሆን፣ በማስተምርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 31 ዓመት አገልግያለሁ። መምህር ይገረም ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የአምስተኛ ክፍል መምህር ነው። ከክፍል ሲወጣ የክፍሉ አለቃ ሎዛ የረበሹትን ተማሪዎች ስም በሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ያዛል። ይህ በየትምህርት ቤቱ ያለ ልማድ ነው። እርሱ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ስም በጻፈች ቀን እስክሪብቶ ይሸልማታል። ክፍሉ ጸጥ ባለ ቀን ልጅቱ ስም ከየት ታምጣ? ያልረበሹትንም ትጽፍ ጀመር። ሕፃኗን አልወቅስም፤ የተሸለመችበትን ሠራች።

ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ጀምሮ ሂባ ዐብዱልቃድር የተባለች የዚሁ ክፍል የ12 ዓመት ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ከእኔ ጋር የተቀደዱ መጻሕፍት ስትለጥፍ ነበር። 4፡30 ላይ ወደ ክፍሏ ላክኋት። ረስታው የሄደችውን ደብተር ይዤ ተከትያት በሩ ላይ ስደርስ፣ ስሟ በሰሌዳው ላይ አራተኛ ሆኖ ተጽፎ አየሁ። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛው ይቸግራታል። «መምህር፣ እኔ እዚህ የለም ነበር» አለች። መምህር ይገረም «ታዲያ ሰሌዳው ይዋሻል?» ብሎ ግራ ጆሮዋን በጥፊ መታት። ደም ወረደ። ጤና ጣቢያ ወስጃት የጆሮዋ ታምቡር መቀደዱን የሚገልጽ ማስረጃ ተሰጠኝ።

አባቷ በሽማግሌ ተለምኖ ሳይከስ ቀረ። ርእሰ መምህሩም ለጻፍሁት ማመልከቻ «በዕርቅ ያለቀ ነገር ነው» የሚል መልስ ሰጠኝ። መምህር ይገረም በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ጋሼ፣ አገሩን በአለንጋ የፈጁት እርስዎ፣ በእኔ አንድ ጥፊ ይደነግጣሉ?» ብሎ ባልደረቦቼን አሳቀብኝ። መግረፌ እውነት ነው። ሳልጠይቅ የመታሁት ልጅ ግን የለም፤ ጆሮም ነክቼ አላውቅም።

ኅዳር 16 ቀን ከጠዋቱ 2፡00፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪዎች በሰልፍ ላይ ሳሉ፣ ወደ መምህር ይገረም ቀርቤ ጉንጩን በመዳፌ አንድ ጊዜ መታሁት። በቁጣ አልነበረም፤ ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ። ጉዳት እንዳልደረሰበት ሐኪም አረጋግጧል።

ስለ ምን በሰልፍ ፊት እንደ መታሁት ተጠይቄ፣ በስውር ብመታው ኖሮ ያም በዕርቅ ያልቅ ነበር፤ ስድስት መቶ ተማሪ እያየ ከተመታ ግን ኀፍረቱ እንዲከሰኝ ያስገድደዋል፤ ሲከሰኝም ፖሊስ ምክንያቱን ይጠይቀኛልና የሂባ ጉዳት በመዝገብ ይሰፍራል ብዬ ነው ስል መልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት መምህር ይገረም ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ በዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ጠብቆኝ፣ ትናንት ያቀረበብኝን ክስ እንደሚያነሣ ነገረኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ኤጀታ «ገሠሠ፣ የተመታው ይቅር ሲል የመታው እንቢ ይላል እንዴ?» አሉኝ። እንቢ አልሁ። የእኔ ክስ ቢነሣ የልጅቱም ነገር አብሮ ይዳፈናል። ስለዚህ ይቅርታውን አልቀበልም። እኔ ሕጉ የሚፈርድብኝን እቀበላለሁ፤ እርሱም የእጁን እንዲያገኝ እጠይቃለሁ። ሂባ እስከ ዛሬ በግራ በኩል ሲጠሯት አትዞርም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ፣ ያልተናገርሁት እንዳልገባበት፣ የተናገርሁትም እንዳልቀረ አረጋግጬ፣ የጤና ጣቢያውን ማስረጃ አንድ ገጽ አያይዤ ፈርሜያለሁ።

ቃሉን የሰጠው፦ ገሠሠ አምባው (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ቡሴ ሌንጂሳ (ፊርማ)