ከመኪና መንገድ የራቁት

በ፲፱፻፹ ዓ.ም. በጥቅምት ወር አቶ ወልደየስ ሆላንድ ውስጥ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ከትራም ባቡር ሲወርዱ፣ አንዲት ሴት የተሸከመችው እስር ገመዱ ተበጥሶ ብርድ ልብሱ ሁሉ እርጥብ አስፋልት ላይ ተዘረገፈ። የአገራቸው ልጅ መሆኗን አይተው ጎንበስ ብለው ለቀሙላት፤ እሷም ገመዱን ቀጥላ መልሳ አሰረችው። የትነበርሽ ትባላለች፤ ሮተርዳም ውስጥ ነርስ ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ። የቤተ ክርስቲያናችንን ምእመናን ዕቃ የሚጠብቁት አቶ ወልደየስ እርስዎ ነዎት? ላነጋግርዎ አስቤ ነበር።»

«ነኝ። ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ቲቤት ለሚባል አገር ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ሐኪሞች በረዶ መንገዱን ሳይዘጋባቸው ሩቅ መንደሮችና ገዳማት ያደርሱታል። መኪናው ከቆመበት ወዲያ ያክ በሚባል ጠጉራም በሬ ተጭኖ የአራት ቀን ጉዞ አለው። እናንተ ዘንድ የተቀመጠውንም ብርድ ልብስ ብትሰጡን ብዬ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ያ ብርድ ልብስ ከሁለት ዓመት በፊት ለላስታ ሰዎች የተዋጣ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ስለ ዘጋው፣ ከዚያ ወዲህ ኬልደር በሚሉት ምድር ቤት ተቆልፎበት ቀርቷል።

«የወገንሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ባዕድ ታለብሻለሽ? ገዳም የምትዪውስ የጣዖት ቤት አይደለም?»

«በሰባ ሰባት እኛን ያበላን ሁሉ ኦርቶዶክስ ነበር እንዴ አባባ?»

አቶ ወልደየስ በነገር መረታት የማይወዱ ሰው ነበሩና ሌላ ምክንያት አነሡ።

«እሺ ይሁን። ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ገደል ለገደል መንከራተቱ ለምንድን ነው? መኪናው ባለበት ይራገፍ። የቸገረው ወርዶ ይቀበላል።»

የትነበርሽ እስሩን መሬት አስቀመጠችው።

«ወርዶ የሚቀበለው እኮ እግር ያለው ነው። አራሷ፣ አሮጊቷ፣ የታመመው ከቤት ይቀራሉ። ከሁሉ የባሰ የቸገራቸው እነሱ ናቸው።»

ብዙዎቻችን ርዳታ ሲባል ትዝ የሚለን መስጠታችን ነው፤ መድረሱን ማንም አይጠይቅም። አቶ ወልደየስ ግን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። ሆላንድ ከገቡ ጀምሮ ለሰው ነግረውት የማያውቁትን ነገር በዚያች ሰዓት አወጡት።

«በሰባ ሰባት የወረዳ ከተማችን የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበርሁ። ስንዴው እስከ ጣራው ተደርድሯል። ስሙ የተጻፈ ራሱ መጥቶ ይቀበል ይላል ትእዛዙ። እኅቴ ወለተሥላሴ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ተራራ ላይ ነበረች። ነይ ብዬ ሁለት ጊዜ ላክሁባት። በመጨረሻ እኔ ስወጣ መቃብሯን አሳዩኝ። ልትወርድ ተነሥታ ከደጇም አልራቀች። ምን ላድርግ ልጄ? ትእዛዝ ነበር።»

የትነበርሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቢሆንም አልማረቻቸውም።

«ያን ጊዜ ትእዛዝ ነበር። አሁንስ ማን አዘዘዎ?»

ሽማግሌው ዕቃው ወደ ተቀመጠበት ተራመዱ፤ እሷም ተከተለቻቸው። ምድር ቤቱን ሲከፍቱ የሻጋታ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። ከሥር የነበረውን ብርድ ልብስ ሲያነሡት እጃቸው ላይ ተቦተረፈ። ለወገን ብለው ያስቀመጡትን ወገንም ባዕድም ሳይለብሰው እርጥበት በልቶታል። የበሰበሰውን ጣሉ፤ ደረቁን ለዩ። ቀጥሎ የእሷን እስር ፈቱት።

«ይህ ለመኪና እንጂ ለከብት አይሆንም። ግራና ቀኙ እኩል ካልከበደ እንስሳው ከነጭነቱ ገደል ይገባል። ገመዱን ወዲህ በዪ» አሉና እስኪመሽ አብረው አሰሩ።

በሳምንቱ አቶ ወልደየስ በምእመናኑ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ከእንግዲህ የሚዋጣ ዕቃ ከአንድ ወር በላይ እንዳይቀመጥ፣ ከመዋጣቱም በፊት እስከ መጨረሻው ቤት የሚያደርሰው ሰው እንዲታወቅ ጠየቁ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ ያም ሆኖ ጸደቀ። በዚህ ደንብ የተነሣ በዓመቱ በሱዳን በኩል የተላከ መድኃኒት ጊዜው ሳያልፍበት ከስደተኞቻችን እጅ ደረሰ፤ ቀድሞ ቢሆን እዚያው ምድር ቤት ይሻግት ነበር።

ከሐኪሞቹ አንዱ በአዲሱ ዓመት መግቢያ ከቲቤት ሲመለስ ምእመናኑን ሊያመሰግን መጣ፤ የትነበርሽ አስተረጎመችለት። መነኮሳቱ ብርድ ልብሱን በየቤቱ ተሸክመው ማዳረሳቸውን፣ አራሶቹና ሕመምተኞቹ ቀድመው መልበሳቸውን፣ ከጭነቱም አንድ እስር እንኳ አለመውደቁን ተረከ። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ። ከሁሉ ርቃ የምትኖር አንዲት አሮጊት፣ እነሱ ከመድረሳቸው ሦስት ቀን ቀደም ብላ በብርድ ሞታ ነበር።

አቶ ወልደየስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣

«እንግዲያው የዘንድሮውን ሦስት ቀን ቀደም አድርገን እንጫን» አሉና ገመድ ሊገዙ ወጡ።