ሐይቅ ላይ የተጨሰ አይቆጠርም

አርቪድ ሳምንቱን ሙሉ የሚኒሶታን መንገዶች በረዶ ሲጠርግ ሰንብቶ፣ እሑድ ወደ በረዶነት በረጋው ሐይቅ ላይ ካቆማት የዓሣ ማጥመጃ ጎጆው ገብቶ ሲጋራውን እንደ ለኮሰ የጎረቤቱ ልጅ ብሪታ አንኳኳች። የበረዶ መብሻ ልትዋስ ነበር የመጣችው። ጉልበቱ ላይ የተዘረጋውን የሕይወት መድን ማመልከቻ አየች፤ «ያጨሳሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አላጨስም» ብሎ ሞልቷል።

«ጋሽ አርቪድ፣ ይቺ አፍዎ ላይ ያለችው ታዲያ ምንድን ናት?»

«ምነው ልጄ! ቤቴ ውስጥ አጭሼ አላውቅም። ሐይቅ ላይ የተጨሰ አይቆጠርም፤ አባቴም እንዲህ ነበር የሚለው።»

የአገሩ አጥማጆች ሁሉ የሚማማሉበት ነገር ነው። ብሪታ ግን ሥራዋ ለመድን ድርጅቶች የአመልካቾችን ደምና ሽንት ለምርመራ መቀበል ነው።

«ሽንት ሐይቅና ሳሎን አይለይም» አለችው።

«ከምርመራው በፊት ሦስት ቀን እተዋለኋ።»

«ቢያመልጡስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሲሞቱ ጉዳዩ ይመረመርና ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ ማን ቆሞ ይከራከራል? ሲግኔ?»

ሲግኔ የአርቪድ ልጅ ናት፤ ከተሽከርካሪ ወንበር አንስቶ የሚያስተኛት እሱ ብቻ ነው። ከሱ በኋላ ረዳት የሚቀጠርላት በዚህ ገንዘብ ነበር። ፈራ፤ ደግሞም አፈረ።

«እውነቱን ብጽፍስ?» አለ በደከመ ድምፅ።

«እርስዎ የሚከፍሉት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ድርጅቶቹ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ይሞታል ብለው ነው የሚያሰሉት።»

«እጥፍ! ወገቤ እኮ አልቋል፣ ትርፍ ሰዓት አልችልም።»

«የመድኑን መጠን ቀነስ አድርገው ይግቡ። ዓመት ሙሉ ካላጨሱ በኋላ እንደገና መርምሩኝ ይበሉ፤ ብዙዎቹ ዋጋውን ይቀንሳሉ።»

«የአርባ ዓመት ልማዴን?»

«ቀላል ነው አልልዎትም። አባቴ የተወው በአራተኛው ሙከራ ነው።»

አርቪድ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየ። «ደስታውን እኔ ወስጄ መዘዙን ለሷ ላወርሳት ነበር» አለና ሰርዞ «አጨሳለሁ» ብሎ ጻፈ።

እውነቱን የጻፈ ሰው ዛሬ ዋጋው ቢከብደውም ልጁ ነገ ባዶ እጇን አትቀርም፤ ሲጋራውን ሲተው ደግሞ ክፍያውም ደረቱም ይቀልለታል። ብሪታ ግን በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«መድኑ ረዳት ይቀጥርላታል፤ አባት ግን አይቀጥርላትም» አለችው።

አርቪድ የሲጋራ ፓኮውን አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠ።

«ይዘሽልኝ ሂጂ። ነገ መጥቼ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»