ሃያ ዓመት የቀናሁበት ወጌሻ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ። ከኋላ ያላችሁ ተከላካዮች፣ ዛሬ እንኳ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ለተሸኚው ንግግር አድርግ ተብዬ ነው የቆምኩት። አንድ ኮሪደር ላይ፣ በር ለበር፣ እኔ በክለቡ ሐኪምነት እሱ በወጌሻነት ሃያ ዓመት ስለሠራን፣ "ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም" አሉኝ። እውነት ነው። ከእኔ በላይ የቀናበትም የለም፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ሥራ የጀመረበትን ቀን ልንገራችሁ። የሕክምና ክፍላችን የእጅ መታጠቢያ ሦስት ሳምንት ሲያንጠባጥብ ከርሞ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ላኩልኝ እያልኩ ቢሮውን አሰልችቻለሁ። አንድ ጠዋት አንድ ሰውዬ ፌስታል አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። "ከቢሮ ልከውኝ ነው" አለ። "ተመስገን፣ በስንት ልመና። በል እዚያ ጋ ነው" አልኩና መታጠቢያውን አሳየሁት። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ መታጠቢያውን አየ፤ ከዚያ ፌስታሉን አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ሥሩ ገባ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። እጁን በዚያው ታጠበ፣ አደራረቀና፣ "ዶክተር፣ ተጫዋቾቹ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?" አለኝ።

"አንተ ተጫዋቾቹን ምን ታደርጋቸዋለህ?"

"አዲሱ ወጌሻ ነኝ።"

ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሳቄ ቆመ። እኔ በር ላይ ተሰልፈው የነበሩት ልጆች ኮሪደሩን ተሻግረው እሱ በር ላይ ተሰለፉ። የእኔ በር ላይ ስሜ ከነማዕረጉ በነሐስ ተቀርጾ ተሰቅሏል። የእሱ በር ላይ ያለው በእስክሪብቶ የተጻፈ "ገፋ አድርጉት" የሚል ወረቀት ነው፤ በሩ ስለሚጣበቅ። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ተምሬያለሁ፤ እሱ ሙያውን ያገኘው አጎቱ ሥር ሥር እየሄደ ነው። አልዋሻችሁም፣ አንጀቴ እርር ይል ነበር።

በዚህ ክለብ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት የማያውቅ ሰው የለም። ጸሐፊያችን እንኳ ባለፈው ዓመት ደረጃ ስትወርድ እግሯ ታጠፈ። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፣ ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነው፣ በረዶ ልታመጣልኝ የምትችል ነርስ አጠገቤ አለች። እሷ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝና፣ "ዶክተር፣ እባክዎ ጋሼን ይጥሩልኝ" አለች። ሄጄ ጠራሁላት። ምን ላድርግ።

እሱ እኮ ለሁሉም ሰው "ልጄ" ነው። ለታዳጊው "ልጄ"፣ ለአሰልጣኙ "ልጄ"። የክለባችን ፕሬዚዳንት ወገባቸውን ይዟቸው የመጡ ቀን፣ በሰባ ዓመታቸው፣ "ልጄ፣ በሆድህ ተኛልኝ" ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተኙለት። ሲነሱም "እግዜር ይስጥህ አባባ" አሉት። እኔን እኚሁ ሰውዬ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የጨበጡኝ፤ አንዱንም በስህተት።

ከኋላዬ "ቀይ ካርድ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የማላውቅ ይመስላችኋል። ግን አልፈርድባችሁም። ብሽሽቱን ያመመውን ልጅ "ሦስት ሳምንት ዕረፍት" ብዬ ስጽፍለት፣ ለእኔ ሦስት ሳምንት ነው። ለእሱ ግን ሌላ ሰው በቦታው ገብቶ፣ ግብ አግብቶ፣ በዚያው ሲቀር እየታየው ነው። ስለዚህ ለእኔ ሁላችሁም "ደህና ነኝ ዶክተር" ናችሁ። ኮሪደሩን እያነከሳችሁ ትመጣላችሁ፣ የእኔ በር ጋ ስትደርሱ ቀጥ ብላችሁ ትራመዳላችሁ፣ በሬን ስታልፉ ደግሞ ታነክሳላችሁ። የእኔ በር ተአምር ይሠራል ማለት ነው። እሱ ክፍል ስትገቡ የሆድ የሆዳችሁን ትዘረግፉለታላችሁ።

"ግድግዳ" የምትሉት በረኛችን ጭንቅላቱ ከአጥቂ ጉልበት ጋር የተጋጨበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። ሮጬ ገባሁ። "ውጤቱ ስንት ነው?" አልኩት። "ሁለት ለአንድ።" "ስንተኛው ደቂቃ ነው?" "ሰባ አንደኛው።" ትክክል ነው። "ይቀጥላል" ብዬ እጄን ላነሳ ስል ወጌሻው ጎንበስ አለና፣ "ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ከማን ጋር ነው የመጣኸው?" አለው። ግድግዳ አሰበ፣ አሰበ፣ "የት?" አለ።

ለካ የውጤት ሰሌዳው ከኋላዬ ነው ያለው፤ ልጁ እያነበበ ነበር የሚመልስልኝ። ወዲያው አስወጣነው። በዚያ ጭንቅላት ላይ ሌላ ምት ቢደገምበት ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ። ወጌሻው ደግሞ ነገሩን ለማንም አላወራም። እኔን ያበገነኝ ይኼ ነው። ትንሽ ቢኩራራ ኖሮ በደንብ እጠላው ነበር።

የቅባቱን ነገርማ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ምስጢሩ ያቺ ክዳኗ የተሰነጠቀ ብልቃጥ ውስጥ ነው ብዬ አመንኩ። ቢያዩኝ እስቃለሁ ባያዩኝ እሰርቃለሁ እንዲሉ፣ ምሳ ሲወጣ ጠብቄ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥሬ ላቦራቶሪ ላክሁ። እዚያ ያለው ጓደኛዬ ደወለልኝ።

"ቫዝሊን ነው" አለኝ።

"ሌላስ?"

"ናና ናና ይሸታል።"

አላመንኩም። ቫዝሊንና ናና ገዝቼ፣ ራሴ ቀላቅዬ፣ የአንዱን ተከላካይ ጀርባ ማሸት ጀመርኩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ታገሠኝ። ከዚያ፣ "ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ጋሼ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" አለኝ። አሁን እየሳቀ ያለው እሱ ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ።

"ጥይት" የምንለው አጥቂያችን ደግሞ የኋላ ታፋው ጡንቻ ተቀዶ ሁለት ወር ከሜዳ ራቀ። በመጨረሻ ምስል አስነሳሁት፤ ንጹህ ነው። "ድነሃል፣ ሩጥ" አልኩት። ኳስ ሲላክለት ግን ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። አሰልጣኙ ሰንፏል አለ፤ ተመልካቹማ ያላለው የለም። ወጌሻው ክፍሌ መጣና ምስሉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። "ዶክተርዬ፣ ፍርሃቱ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። "ፍርሃት በምስል አይወጣም" አልኩት፣ በንዴት። "እሱን ነው የምልህ" አለና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልምምድ በኋላ ልጁን ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ ይሮጥ ነበር። ከነቦርጩ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ የሚቀድመው ወጌሻው ነበር፤ ጥይት ከኋላ ከኋላ ታፋውን እየዳሰሰ። በሦስተኛው ሳምንት ጥይት አለፈው። እኔ መጋረጃ ከፈት አድርጌ በመስኮት እያየሁ፣ እውነቱን ንገር ካላችሁኝ፣ ልጁ ጥቂት ቢዘገይ ደስ ይለኝ ነበር።

እስካሁን ያልኩት እንድትስቁ ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ልጄን ታውቋታላችሁ። ያቺ ከእሱ ጎን የተቀመጠችው ናት፤ ከአባቷ ጎን ባዶ ወንበር እያለ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በወጣት ሴቶች ቡድናችን በቀኝ ክንፍ ትጫወታለች። ልምምድ ላይ ስትዞር ጉልበቷ ከዳት፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። እብጠቱ ሲጎድልላት ዝም አለች። የፍጻሜው ጨዋታ ቀርቧል፣ አባቷ ደግሞ ቀይ ካርድ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ደበቀችኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እራት እየበላን፣ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን አንቃ እየያዘች፣ እኔ ጉልበት የማክመው ሰውዬ አላየሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የእኔስ ዓይኔም ባዳ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ጋ ሄደች። ጉልበቷን አንዴ ያዘና፣ "ልጄ፣ ከዚህ በኋላ አትሮጪም። ነገ ጠዋት አባትሽ ጋ አብረን እንገባለን። የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ" አላት። እንዳለውም በጠዋት ይዟት መጣ።

ነገረችኝ። በኋላ ሲታይ ጅማቷ ተበጥሷል፤ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ቢያንስ ዘጠኝ ወር። እኔ ግን መጀመሪያ ጉልበቷን አላየሁም። "ለሱ ነው ቀድመሽ የነገርሽው?" ነው ያልኳት። እሷ አለቀሰች። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልጄም አታውቅም፤ ዛሬ ነው የምትሰሚው፣ የኔ ልጅ። በክለባችን ደንብ ጉዳት የደበቀ ተጫዋች ይሰናበታል። እኔ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ተጫዋቿ በተጎዳችበት ቀን ለወጌሻው ተናግራለች፤ ወጌሻው አሥራ ሁለት ቀን ደብቋል" አልኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። እሱ ያወቀው አንድ ማታ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ሲሰጠው አነበበና "ደርሶኛል" ብሎ ፈረመ። አፉን ቢከፍት የምትባረረው ልጄ ነበረች። ይህን እሱ ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቅ ነበር። ልጄን ለማዳን ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ልጄን ለማዳን ብቻ ቢሆን ሌላ መንገድ አይጠፋም ነበር። ለእኔ ያልነገረችኝን ለሱ ስለነገረችው ነው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ለአንድ የውድድር ዓመት ሜዳ እንዳይገባ ታገደ፤ ክፍሉ ብቻ ተተወለት። በጨዋታ ቀን ቲኬት ገዝቶ ተመልካቹ መሃል ይቀመጥ ነበር፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። እኔ ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ብቻዬን ነገሥኩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዞር ስል ተጫዋች የለም። አጥሩ ጋ ተኮልኩላችሁ፣ በሽቦው ሥር እግራችሁን አሾልካችሁ፣ እሱ ማዶ ተንበርክኮ ያሻችኋል። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። ልጄም ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ መራመድ የጀመረችው እሱ ክፍል ነው። እኔ የምትሠራውን እንቅስቃሴ በወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ከኮሪደሩ ማዶ ስትስቅ እሰማታለሁ። ያን ዓመት ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ዛሬ በሌላ ክለብ ትሮጣለች፤ ጉልበቷም ልቧም ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ሌላ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። እዚሁ ናቸው፣ አንብበውታል። የመጀመሪያው ውሸት እንደነበረና ውሸቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ይላል። የሚመጣውን ቅጣት እቀበላለሁ። ወንድሜ፣ ያ ወረቀት ከማኅደርህ ቢወጣ ያን ዓመት አይመልስልህም፤ አውቃለሁ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ መልሱን ዛሬ አልጠብቅም። አንተም ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ስለ ልጄ አመሰግንሃለሁ። ስለ ግድግዳ፣ ስለ ጥይት፣ እኔ ሳላያቸው ስላለፉት ጉልበቶች ሁሉ አመሰግንሃለሁ። ቅናቱ ግን ለቆኛል አልልህም። ከምሳ በፊት እዚህ ወንበር ሲደረደር ስቆጥር ነበር፤ እኔ ስሸኝ ግማሹ ይሞላ እንደሆን እንጃ።

በሉ ብርጭቋችሁን ያዙ። እኔ በግራ እጄ እንደያዝኩ እሱ ገና ስገባ አይቷል፤ ሲያየኝ አይቼዋለሁ። ከስምንት ወር በፊት በሠራተኞች የጤና ቡድን በረኛ ቆሜ፣ ኳስ አድናለሁ ብዬ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወደቅሁ። የጤና ቡድን ነው የሚባለው እንግዲህ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ "ደህና ነኝ"፣ ነርሷ ስትጠይቀኝ "ደህና ነኝ"። ሌላ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ሦስት ወር ያስቀምጠኝና በቦታዬ ሰው ይገባል ብዬ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ተጫዋች የተቆጣሁ ሰውዬ ነኝ። ያመኛል ወንድሜ። ሸሚዝ ስለብስ ያመኛል፣ በቀኝ ጎኔ መተኛት ትቻለሁ። ሰኞ አዲስ ወጌሻ ይገባል፤ ጎበዝ ነው ይላሉ። እኔ ግን የምመጣው ቤትህ ነው፣ ከተቀበልከኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር ሳትቸኩል ቁርስ የምትበላበት ብዙ ጠዋት ይስጥህ። በሉ ሁላችሁም ተነሱ፣ ብርጭቋችሁን ከፍ አድርጉ። ይቺን እንኳ በቀኜ ላንሳት፤ እስከ ደረሰችበት ድረስ።

ለጤናህ።