ሠላሳ የሌለው ወር

ከአዘዞ ወደ ፀዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በወረቀት ላይ የተደረደሩ ስሞችን ደጋግሞ ሲያይ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁት።

«ምነው ልጄ፣ የሠርግ ጥሪ ነው?»

«አይ አያ። የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ስም ነው። በየወሩ መርፌ አላቸው። ቀኑ ሲደርስ የክሊኒካችን ኮምፒዩተር በወላጆቻቸው ስልክ መልእክት ይልካል።»

«ራሱ?»

«ራሱ። አንድ ጊዜ ቀኑን ከነገሩት ማንም ሳያዘው በየወሩ ይልካል። የነገርሁት እኔ ነኝ፤ ወር በገባ በሠላሳ ላክ አልሁት።»

«ሸጋ ነዋ!»

«የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ አያ። ያለፈው ወራቸው ደግሞ ሃያ ስምንት ላይ አለቀ።»

«ሠላሳ የሌለው ወር? ጉድ እኮ ነው!»

«እኔም የኛን ወር ለምጄ አላሰብሁትም። ሠላሳ አልመጣለትም፤ ሳይልክ ዝም ብሎ አለፈ።»

«ልጆቹስ?»

«መልእክት ሲጠብቁ ቀሩ። መርፌው ካለፋቸው ሁለት ሳምንት ሆነ። ስልካቸው የሠራላቸውን ጠርቻለሁ፤ የቀሩትን በየቤታቸው እየፈለግሁ ነው። ቢያማቸውስ፣ አያ?»

«ኮምፒዩተሩ ነው ያጠፋ ብትል ማን ይጠይቅህ ነበር?»

«ማንም። እሱ ግን ያደረገው ያልሁትን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

«በል ስሞቹን ጮክ ብለህ ጥራቸው። ፀዳ ላይ የማላውቀው ቤት የለም።»

የመጀመሪያውን ስም ሲጠራ፣ እኔ ጭኔ ላይ የተኛችውን፣ እንደነሱ በየወሩ የምትወጋውን ልጄን እጅ ያዝሁና ካለፈው መርፌዋ ወዲህ ያሉትን ቀኖች በጣቶቿ ላይ መቁጠር ጀመርሁ።