የቡታጅራው አርባ ብርድ ልብስ

እትዬ ሰዓደት ነገር ሲኖራቸው የሚጀምሩት ከቲማቲም ነው። ፉርቃን ይህን ያውቃል፤ የእህታቸው ልጅ ነው፣ ብርድ ልብስ በሚያከፋፍሉበት የመርካቶ ሱቃቸውም አሥር ዓመት ተቀምጧል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው የሺ፣ ክር ነጋዴዋ፣ ብቅ ስትል እትዬ ሰዓደት ወንበር ስበው "አትክልት ተራ ቲማቲሙ ዛሬ እንዴት ነው?" ሲሏት፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንገቱን ቀበረ።

ከቲማቲሙ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ የሺ ጉልበት ሄዱ። ፉርቃን እፎይ ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ "ለመሆኑ የሺዬ፣ አንቺ ቤት የተማረ ሰው አለ?" አሉ። መልስ አልጠበቁም። "የለም? አይዞሽ። እኛ ጋ አለ… ማሻ አላህ።"

ስም አልጠሩም። የእህት ልጅ በስም አይታማም፣ ነውር ነው። "አንድ የማውቀው ልጅ" እያሉ ነው የቀጠሉት። ልጁ እንግዲህ ዘንድሮ አርባ ሊሞላው ነው።

ፉርቃንን የጨነቀው ግን አሽሙሩ አልነበረም፤ እሱንስ ለምዶታል። እትዬ ሰዓደት ሐዋሳ ላይ አዲስ ሱቅ ሊከፍቱ ነው፣ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡም ዛሬ እናገራለሁ ብለዋል። ከአክስቱ ዓይን ሥር ወጥቶ የራሱ አለቃ የሚሆንበት ቀን ይኸው ነው። ለሚስቱ እንኳ ዕቃ ማሸግ ጀምሪ ብሏታል።

ልጁ፣ አሉ እትዬ ሰዓደት፣ ለሰው አዛኝ ነው። የመርካቶው ሱቅ፣ የአብነቱ መጋዘንና የቡታጅራው ሱቅ አንዱ የሌላውን ዕቃ እንዲያውቅ፣ ሦስቱ ኮምፒውተሮች በራሳቸው እንዲነጋገሩ ብሎ ፕሮግራም ፍለጋ ስንት ወር ተንከራተተ! ከባድ ከባዱንማ ማን አጣው? እሱ የፈለገው ቀላል፣ ከቀላልም ቀላል ነው።

"ድሮ እኮ ሻጫችን ኑሪ ከቡታጅራ በየጠዋቱ ይደውልልኝ ነበር። 'እትዬ፣ ይሄ አልቋል፣ ያኛው ቀርቷል' ይለኛል። ልጁ ለጆሮዬ አሰበልኝ… ስልክ ኋላቀርነት ነው ብሎ ከለከለው። ይኸው ጆሮዬ አርፏል።"

ፉርቃን ማውሱን ያለ ሥራ ወዲያ ወዲህ አደረገው። የሚመጣውን ያውቃል።

ፕሮግራሙ ደንብ ነበረው። ሁለት ሱቆች የተለያየ ነገር ከጻፉ ቀኑ አዲስ የሆነው ይጸድቃል፣ የቆየው ይሰረዛል። ፉርቃን ታዲያ የቡታጅራውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ፣ ኑሪ እንዳይቸገር ብሎ ቀኑን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ሞላለት። የመርካቶውና የአብነቱ ግን በፈረንጅ 2026 ናቸው። እንግዲህ ምስኪኑ ኑሪ በዕለቱ የጻፈውን ሁሉ ማሽኑ የስምንት ዓመት ወሬ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ነብር የተሳለባቸውን አርባ ብርድ ልብሶች ሸጦ ጨርሶ ዜሮ ብሎ ጻፈ፤ ማሽኑ አርባውንም መለሳቸው። እንደገና ዜሮ አለ፤ እንደገና አርባ። እንዳይደውል ተከልክሏል፤ የአዲስ አበባ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብሎ ተወው።

እትዬ ሰዓደት አርባውን ስክሪኑ ላይ አይተው ለአንድ ባለሆቴል ቃል ሰጡ። ሰውየው አይሱዙ ይዞ ቡታጅራ ድረስ ወረደ። መደርደሪያው ላይ ያገኘው የኑሪን ድመት ነው። ትናንት ተመልሶ እዚሁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሠላሳ ዓመት ቃላቸው ያልታጠፈውን ሴትዮ ጎረቤት እየሰማ ውሸታም ብሏቸው ሄደ። የሺም ሰምታለች፤ ዛሬ የመጣችውም ለዚሁ ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?" አሉ እትዬ ሰዓደት ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "የልጁ እንቁላል ግን ሄዶ ሄዶ… ተመልሶ እንቁላል ሆነ።"

የሺ ሳቋን ለመደበቅ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ፉርቃን ተነስቶ ሊያስረዳ አሰበ፤ አንዲት የቀን ስህተት ናት፣ በአምስት ደቂቃ አስተካክያታለሁ ሊል። ግን ስሙ ባልተጠራበት "እኔ ነኝ" ብሎ መነሳት ራስን በገዛ እጅ ማስያዝ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ግን ቲማቲም መስሏል።

"ደግሞ ሰው አይወቅስም እኮ! ሌላው ቢሆን በኑሪ ያሳብብ ነበር። እሱ ግን ምን አለ መሰለሽ… 'ኔትዎርኩ ነው' አለ። ኔትዎርክ ደግሞ አፍ የለው፣ አይከራከር። ይሄ አስተዋይነት አይደለም?"

ከዚያ እትዬ ሰዓደት ቀስ ብለው ተነሱ። ቦርሳቸውን ከፍተው የሐዋሳውን ሱቅ ቁልፍ አወጡና የአውቶቡስ ተራ መኪና ሳይሞላ ለኑሪ መላክ አለብኝ አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ቲማቲሙ። ፉርቃን ሚስቱ ያሸገችው ዕቃ ትዝ አለው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከየሺ ሳይነቅሉ መጥተው መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ።

"አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጠው" አሉ፣ ድምፃቸው ማር ሆኖ። "ሐዋሳ ምናምን እያለ በሰው አገር አያንከራትተው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዓይኔ ሥር፣ ከዚችው ወንበር፣ ለአንድ ቀን እንኳ አይለይብኝ… አሚን በሉ እንጂ።"